የታች ሰው ሳይጠየቅ አይናገርም

መስከረም 18

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤትዎ እትዬ ያረፉ ጊዜ ከጻፍኩት የሐዘን ደብዳቤ ወዲህ አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍረኛል። ዝምድናችን ሲቆጠር የአጎትዎ ልጅ ልጅ ነኝ፤ ግን ከአሥራ አንድ ዓመቴ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ያደግኩት ከእርስዎ ቤት ነው። ስለዚህ ይቆጡኝ፤ መቀየም ግን አይቀየሙኝ።

አሁን የምሠራው የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። ከጓዳ ነኝ። የሰውን ጆሮ ልክ አወጣና ጆሮ ውስጥ የምትገባዋን ፕላስቲክ እየሞረድኩ አስተካክላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከጆሮ ጋር ውዬ ማንንም ሳላናግር ወደ ቤቴ የምገባበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን አዲሱን መስሚያውን አድርጎ፣ «እስቲ የሆነ ነገር ተናገሪ፣ ልሞክረው» አለኝ። ምን ልበለው? የአገሩን ቋንቋ ስናገር እስካሁን አፌ ይተሳሰራል። ሳላስበው የጉድጓዱ ቋንቋ ወጣ። «ውሃ ሸተተህ?» አልኩት በእኛው። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሳ። ለካ ዕድሜውን የፈጀው ተናጋሪ ያለቀባቸውን ቋንቋዎች እየዞረ ሲቀዳ ነው።

የነገርኩትን ልንገርዎ፤ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ። ቤተሰባችን ጉድጓድ ቆፋሪ ነው አልኩት። ወንዱ ታች ይወርዳል፣ ሴቷ ገመድ ይዛ ላይ ትቆማለች፤ ቀጭን ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ ሳይደበላለቅ ይወርዳልና። የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አለ። ላይ ያለችው የምትጠይቅባቸው ቃላት አሏት፣ ታች ያለው የሚመልስባቸው ሌሎች ቃላት አሉት። አንዱ የሌላውን ይሰማል እንጂ በአፉ አያወጣውም አልኩት።

የእኔን ግማሽ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዳው። «ሌላውስ ግማሽ?» ሲለኝ፣ «በሕይወት ካሉት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው» አልኩት። ጋሼ፣ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ መቅጃ ልኬያለሁ። ወንበርዎ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭነው የታችኛውን ቢናገሩልኝ ምን ይመስልዎታል?

አክባሪዎ ፉጨት፤ ይህን ስም ያወጡልኝ እርስዎ እንደሆኑ አልረሳሁም።


ጥቅምት 29

ለልጄ ለፉጨት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ በሰው አገር ከክፉ ብርድና ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። እኔ አለሁ፤ መተንፈስ መኖር ከሆነ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ሆድ ባሰኝ፣ በሦስተኛው ተቆጣሁ። የዘገየሁት ቁጣዬ እስኪበርድ ነው።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያንቺ ደግሞ የወጣው ሱቅ ውስጥ፣ ከመሬት በላይ! እትዬሽ ብትሰማ ገመዱን ለቃ ትመጣብሽ ነበር። የጉድጓድ ቃል ከጉድጓድ ውጭ አይነገርም። ይህ አጉል እምነት አይደለም። አባቴ እንደነገረኝ፣ ድሮ ሁለት ሴቶች ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ለቀልድ ብለው «ድንጋይ ወረደ» ተባባሉ። ታች ያለው ሰውዬ እውነት መስሎት ዘሎ ከግድግዳው ሲለጠፍ ግድግዳው በላዩ ተናደ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ አይነገርም፣ አልጋ ላይ አይነገርም፣ አይጻፍም። ወረቀትም ከመሬት በላይ ነው። ስለዚህ መቅጃሽን ከሬዲዮው ጎን አስቀምጬዋለሁ። ቤቱን አሳምሯል፤ ሥራ ግን የለውም።

ደግሞስ የታች ሰው ሳይጠየቅ መናገር የጀመረው መቼ ነው? ሳይጠየቅ የሚናገር አየር ያጠረው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያው ይወጣል። ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ለብቻህ ተናገር ማለት፣ ታፍኜያለሁ በል ማለት ነው።

የሰፈሩ ሰው ምን እንደነካው እንጃ፣ ሁሉም መንሾካሾክ ጀምሯል። ጎረቤቴ ሾፌሩን ታስታውሺዋለሽ? ዕድሜውን በአውቶብስ ሙሉ ሰው ላይ ሲጮህ የኖረ ሰውዬ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ሲጠየቅ ጮኬያለሁ ይላል። ውሸታም።

ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። መኪና ይመጣና በግማሽ ቀን ይበሳዋል። ሥራ ፈት ሆኜ ቀርቻለሁ። ሰው ሲያገኘኝ «እንዴት ነህ?» ይለኛል። «አለህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የጓሯችንን ጉድጓድ ስጠርግ ገመድ ትይዝልኝ የነበረችው እትዬሽ ከሞተች ወዲህ የለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከቻልሽ ወፍራም ካልሲ ላኪልኝ።

የአባትሽ የአጎት ልጅ፣ ጋሼሽ


ኅዳር 24

ለውድ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ቁጣዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። አፌ ቁርጥ ይበል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ከእጅ የወጣ ባልዲ ሆኗል፣ አይመለስም። አንድ ነገር ቢያጽናናዎ፣ ሽማግሌው የቀዳኝ የሚሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ስድስት ደረጃ ወርጃለሁ። ግማሹን ኃጢአት አይቀንስልኝም?

ሽማግሌው ብዙ ያወራኛል። አንድ ቋንቋ አለ፣ «ዝናብ ዘነበ» ለማለት፣ ሲዘንብ አይተህ እንደሆነ፣ ሰው ነግሮህ እንደሆነ፣ ወይ መሬቱ ረጥቦ አይተህ ገምተህ እንደሆነ አብረህ ካልተናገርክ ዓረፍተ ነገሩ አይሞላም። ሌላ ቋንቋ አለ፣ ግራና ቀኝ የማይባልበት። «ጉንዳን በምሥራቁ እግርህ ላይ ወጥቷል» ይባላል። ዞር ካልክ ያው እግር ምዕራብ ይሆናል። ገደል ለገደል በፉጨት ብቻ የሚያወሩም አሉ። በዚህኛው ስሜን አስታውሼ ሳቅኩ።

አንድ ነገር ግን አላሳቀኝም። ቋንቋ የሚሞተው የመጨረሻው ተናጋሪ ሲሞት አይደለም አለኝ፤ ከመጨረሻው በፊት ያለው ሲሞት ነው። የቀረው ሰው የሚያናግረው የለውማ። እሺ ጋሼ፣ እኔ እኮ አለሁ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ወዲህ ግን እርስዎም እኔም ዝም ብለናል። ከተቆጠርኩ ምን ተብዬ እንደምቆጠር አላውቅም።

ሽማግሌው ሰኔ መጨረሻ ላይ ጡረታ ይወጣል፤ የመቅጃ ክፍሉን ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ግማሹ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራዬ። ሰፈሩ አልተንሾካሾከም ጋሼ። ከካልሲው ጋር ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮ ያገኛሉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ የጆሮ ልክ ማውጫ ሊጥ አላቸው። ሾፌሩ እኩል እኩል ቆንጥሮ ያሽና በጥጥ የተደፈነ ጆሮዎ ውስጥ ይክተተው። ጥጡ አይረሳ። አሥር ደቂቃ አይናገሩ፣ አያኝኩ፣ አይሳቁ። ሲደርቅ አውጥታችሁ ላኩልኝ።

አክባሪዎ ፉጨት


ጥር 7

ለልጄ ለፉጨት፣

እንደምን አለሽ? ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው። ካልሲው ደርሶ እግሬ ሰው ሆኗል።

ጆሮዬን ልኬልሻለሁ። ሾፌሩ ሊጡን ሲያሸው የጎማ ቀዳዳ የሚደፍን ይመስል ነበር። አሥር ደቂቃ አትሳቅ ብለሽ ባትጽፊ ኖሮ ባልሳቅኩ፤ ያን ካነበብን በኋላ ሁለታችንም መያዝ አቃተን። የመጀመሪያው ተበላሸ። ሁለተኛው ላይ ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ።

ያን በደፈናው ዝናብ ዘነበ የማይሉበትን ቋንቋ ለሾፌሩ ነገርኩት። «ይህ ቋንቋ እኛ ሰፈር ቢመጣ ሐሜት በአንድ ሳምንት ይጠፋ ነበር» አለ። ግራ ቀኝ የሌላቸው ሰዎች ደግሞ ጉድጓድ ይቆፍሩ ይሆን? ታች ስትሆኚ ምሥራቅ የለም። ላይሽ ያለ ክብ ሰማይ ብቻ ነው፤ እሱ ውስጥ የገመድ ያዧ ራስ ይታያል። በእኛ ቋንቋ «ሰማይ» እና «ገመድ ያዥ» አንድ ቃል እንደሆነ ለሽማግሌው አልነገርሽውም መቼም። የእኔ ግማሽ ስለሆነ አትችይም።

ሽማግሌሽ ስለ መጨረሻው ሰው ያለው ነገር ከንክኖኛል። እውነቱን ነው። እርጥበት በእኛ አሥራ አንድ ስም አለው። ውሃ የሚሸት አፈር አለ፣ የሚያልበው አለ፣ እጅ ላይ የሚቀዘቅዝ ግን የማያረጥብ አለ። ባለፈው ሳምንት በግቢው ውስጥ ስሄድ ስድስተኛው ጠፋኝ። ስድስተኛው! ጠዋት ጠፍቶኝ ማታ ራት ስበላ መጣልኝ። ማንኪያዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ ይፈቀድልኛል።

ገንዘብ አትላኪ፤ ጡረታ ባይኖረኝም የቤት ኪራይ አለኝ። ይልቅ ሃያ ሜትር ጠንካራ የናይለን ገመድ፣ የማይበሰብሰውን፣ እና ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ላኪልኝ። ለምን አትበይኝ።

ጋሼሽ


ጥር 28

ለውድ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። መስሚያው ተሠርቶ አልቋል፤ ከዚህ ጋር ይደርስዎታል። በራሴ እጅ ነው የሞረድኩት። የእርስዎን ጆሮ ሦስት ቀን እጄ ውስጥ ይዤ ስቀመጥ ሰው አጠገቤ ያለ መስሎኝ ነበር። ባትሪው በሳምንት ይቀየራል። ውሃ አያስነኩት።

ገመዱን አልላክሁም። ለምን አትበይኝ ያሉኝ ለምን እንድል ነው። ሃያ ሜትር ገመድ ለልብስ ማስጫ አይሆንም። ሰባ ስድስት ዓመትዎ ነው። ጋሼ፣ የማስበው ነገር እንዳይሆን። ይህን ጉዳይ ያነሳሁበትን ቀን እስክረግም አያድርሱኝ። ሽማግሌው ያለ እርስዎ ግማሽ ይቀመጣል፤ ዓለም ከዚህ የባሰም ጠፍቶባታል። ይጻፉልኝ።

ፉጨት


መጋቢት 2

ለልጄ ለፉጨት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መስሚያውን ካደረግኩ ሃያ ቀኔ ነው። የበሬ ማጠፊያዬ ይጮሃል፤ ስንት ዓመት እንደጮኸ እንጃ። ሾፌሩ ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ ባልሰማሁ ይሻል ነበር። ወፍ ሰማሁ። ልጄ፣ ተባረኪ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ገመዱን ከልክለሽ ደህና። ሾፌሩ አውቶብስ ላይ ዕቃ ከሚያስሩ ሰዎች ገመድ አምጥቷል፤ ያንቺ የተሻለ ይሆን ነበር። ያሰብሽው ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው የራሳችን ጉድጓድ ከደረቀ ቆይቷል። አሥራ አራት ሜትር ነው፣ አባቴና እኔ ቆፍረነዋል፣ የእግር መርገጫው እስካሁን ጠንካራ ነው። አየሩን መጀመሪያ በፋኖስ እለካለሁ፤ ፋኖሱ ከጠፋ አልወርድም። ሾፌሩ ገመዱን በመዘውር ይይዛል። ሕጉን አልጥስም፤ የታችኛውን ታች ሆኜ እናገራለሁ። ጨርሻለሁ፤ አትከራከሪኝ። ስድስተኛው ዳግመኛ ከጠፋ ማን ይመልሰዋል?

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። የታች ሰው ሳይጠየቅ አይናገርም። ሾፌሩ ሊጠይቀኝ አይችልም፤ ቋንቋውን አያውቅም፣ ድምፁም የበርሜል ነው። ድምፅሽን ላኪልኝ። አንድ የሥራ ቀን እንደሆነ አድርገሽ፣ ጠዋት ከመውረድ ጀምረሽ ሁሉንም በተራ ጠይቂኝ። በየመካከሉ ዝም በይ፤ እመልሳለሁ። ወደ ታች ለሚወርድ ድምፅ ከመሬት በላይ ብትናገሪውም ነውር የለውም። ገመድ ያዥ ሁልጊዜ ላይ ናት።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 15

ለውድ ጋሼ፣

እንኳን በሰላም ቆዩኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። አንድ ወር ሙሉ ላለመላክ ምክንያት ስፈልግ ነበር። ከላክሁ ይወርዳሉ፤ ካልላክሁም ሳይጠየቁ ዝም ብለው ሊወርዱ እንደሚችሉ ስገምት ደግሞ የባሰ ሆነብኝ።

ሱቁ ውስጥ ጆሮ የሚመረመርበት ጠባብ ክፍል አለ። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ነው፤ ድምፅ ገብቶ አይመለስም። አለቃዬ ለምሳ ሲወጣ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጉድጓዱ ድምፄን ይመልስልኝ ነበር፤ እዚህ ቃሉ ከከንፈሬ ሲወጣ ያልቃል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንገቴን ወደ ጉድጓዱ አዘንብዬ፣ እትዬ ቀሚሴን ከኋላ ይዘውኝ አየሁ። ከዚያ ቀና።

አሥራ ስምንት ጥያቄ ሆነ። «አለህ?» ከሚለው ጀምሬ፣ መሬቱን፣ ግድግዳውን፣ አየሩን፣ ባልዲውን፣ ድንጋዩን፣ ውሃውን። በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ዝም ብያለሁ። ዝም ስል እርስዎ ሲመልሱ ለመስማት ሞከርኩ። ከዚህ ጋር የላክሁት ነጩ መሣሪያ ድምፄን ያሰማዎታል፤ ከሬዲዮው ጎን ያስቀመጡት ጥቁሩ የእርስዎን ይቀዳል። የግንባር መብራቱም አብሮ አለ።

ፋኖሱ ቢንቀጠቀጥ እንኳ አይውረዱ። ሾፌሩ ጓንት ያድርግ። እባክዎን ሲወጡ «ወጣሁ» ብለው ወዲያው ይጻፉልኝ።

ፉጨት


ግንቦት 9

ለልጄ ለፉጨት፣

ወጣሁ።

ፈጣሪ ይመስገን፤ ጉልበቴ ብቻ ተቀይሞኛል። ፋኖሱ ታች ድረስ ሲበራ ቆየ። ሾፌሩ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ ተክሎ፣ ከፌርማታ ወደ ፌርማታ እንደሚሄድ ሁሉ በየሦስት ሜትሩ «ወራጅ አለ?» ይለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ገመዱን ካነቃነቅኩ እንዲያወጣኝ ተስማማን።

ታች ስደርስ ሽታው ያው ነው። አፈሩ አልረሳኝም። ነጩን መሣሪያ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ቁልፉን ነካሁ፣ «አለህ?» አልሽኝ። ልጄ፣ ድምፅሽ እንዳለ ነው። ትንሽ ወፍሯል፣ ያው ግን እሱ ነው። አለሁ አልኩ። አራት ዓመት አፌ ውስጥ የከረመ ቃል ወጣ።

ሁሉንም መለስኩ። አንዱን ብቻ ንስሐ ልግባበት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ታች ሆኜ ዋሽቼ አላውቅም፣ ለሽማግሌሽ ስል ግን አሥራ አንዱንም እርጥበት በደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ጠራኋቸው። ስድስተኛውም መጣ።

መጨረሻ ላይ ግን መስሚያው ትንሽ ከዳኝ። የመጨረሻዋን ጥያቄሽን አልሰማኋትም። እርጥበት ገብቶት ይሆናል። ባትሪውን አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ ጠበቅኩ። እንደጠየቅሽኝ አውቃለሁ፤ ብቻ አልሰማሁሽም። በመጨረሻ ገመዱን ነቅንቄ ወጣሁ። ያለ ጥያቄ መውጣቴ ትንሽ ቅር ብሎኛል። መስሚያውን ከጥቁሩ መቅጃ ጋር ልኬዋለሁ፣ ጠግነሽ መልሺልኝ። ሾፌሩ እንደገና መንሾካሾክ ጀምሯል።

ጋሼሽ


ሰኔ 3

ለውድ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

መስሚያው ደህና ነው። ከፍቼ አየሁት፣ አደረቅኩት፣ በመሣሪያ ለካሁት፣ በራሴ ጆሮ ሞከርኩት። ምንም አልሆነም። «አዎ እርጥበት ገብቶት ነበር» ብዬ ብጽፍልዎ ሁለታችንም በሰላም እናድር ነበር። ግን የታች ሰው የላይኛዋን ማመን አለበት፤ ከዋሸሁ ለምንም አልሆንም።

አልጠየቅኩዎትም ጋሼ። እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

መቅጃውን ሰማሁት። አሥራ ስምንተኛውን መለሱ። ከዚያ የእኔ ድምፅ አለቀ፣ እርስዎ አላወቁም። አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቁ። ይተነፍሳሉ። ጆሮዎን ይነካካሉ። «ጆሮዬ ነው እንዴ?» ይላሉ ለራስዎ። ጠጠር ይወድቃል። ከዚያ በተራው ቋንቋ፣ ወደ ላይ፣ «አለሽ?» አሉ። የታች ሰው እኮ አይጠይቅም። ከዚያ የገመዱ ድምፅ ብቻ ነው።

እዚያ ላይ ነው ትዝ ያለኝ። የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ገመድ ያዧ የምትጠይቀው ነበር፤ ያን ሳትጠይቅ የታች ሰው አይወጣም። በየማታው ብዬዋለሁ። የጸሐይዋን አቅጣጫ አስታውሳለሁ፣ ገመዱ መዳፌ ላይ የተወውን መስመር አስታውሳለሁ፣ ስለው ድምፄን ከፍ እንደማደርግ አስታውሳለሁ። ቃሉ የለም። ሽማግሌው ፊት ሦስት ቀን ስቀመጥ እንደጎደለኝ እንኳ አላወቅኩም ነበር። ለካ የጠፋ ነገር ጠፍቻለሁ ብሎ አይነግርም። ሽማግሌው፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው የእርጥበትን ስም ሁሉ ይቆጥርልኛል፣ በየቀኑ የሚለውን ይረሳዋል» አለኝ።

ሱቅ ውስጥ ፈለግኩት፣ አውቶብስ ውስጥ፣ ያ ስፖንጅ ክፍል ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ ፈለግኩት። አይመጣም። ጋሼ፣ ሕጉ እንደሚከለክል አውቃለሁ። ግን ዕድሜዎን ሙሉ ሰምተውታል። እርስዎ ዘንድ ይኖራል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉልኝ። ሽማግሌው ክፍሉን እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዲያቆዩለት ለምኗል።

መስሚያውና ጥቁሩ መቅጃ ከዚህ ጋር አሉ።

ፉጨት


ሐምሌ 1

ለልጄ ለፉጨት፣

እውነቱን ስለነገርሽኝ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥሽ። መስሚያውን አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

ሕጉን ለመጣስ ተነስቼ ነበር። ወረቀት ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶ ያዝኩ። እትዬሽ በየማታው ያለችኝን፣ ከእሷ በፊት እናቴ አባቴን ያለችውን ልጽፍልሽ። እጄ አልተንቀሳቀሰም።

የለኝም፣ ፉጨት።

እሷ ስትለው እግሬ መርገጫው ላይ ይሆን ነበር። ማለቷን እንጂ ያለችውን ማን ሰማ? ድካም፣ ራት፣ ሰማዩ ሲሰፋ፤ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። ዘጠኝ ቀን ፈለግኩት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ሾፌሩ አብሮኝ ቁጭ አለ፣ ምን እንደምንጠብቅ ሳያውቅ። እኔ አንቺ ዘንድ አለ ብዬ ዘና ብዬ ኖርኩ፣ አንቺ እኔ ዘንድ አለ ብለሽ ኖርሽ። እንዲህ አድርገን በመካከላችን ጣልነው። የመጨረሻ ያለችው እትዬሽ ናት፤ ይዛው ሄዳለች።

መልሱ ግን አለኝ። ልጄ፣ መልሱ አፌ ውስጥ ነው፤ ከወንድ እስከ ወንድ ሲወርድ የመጣ ነው። በመቅጃው ላይ የለም፣ ሳልጠየቅ አልልማ። እንዲህ ከሆነ የሽማግሌሽ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው፣ ታች ወርዶ ያልወጣ ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጥያቄውን በተራው ቋንቋ ጻፊልኝ። ቃሉ ጠፋ እንጂ ትርጉሙ ከሁለታችንም አልጠፋም። ሰላምታ አታስቀድሚ፣ ጤናዬን አትጠይቂ፤ ጉድጓድ አፍ ላይ ይህ አይባልም። አክብሮትም ይቅር። ታች አንቱ የለም፤ ልጅ ሆነሽ አንተ ብለሽኝ ነው ያደግሽው። ደብዳቤሽ በደረሰ ቀን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እወርዳለሁ፣ ታች በግንባሬ መብራት አነበዋለሁ፣ ለመቅጃው እመልሳለሁ። ሾፌሩ ጓንት ገዝቷል።

ጋሼሽ


ሐምሌ 12

መሸ። ይበቃሃል። ላውጣህ?